ያሳጠርኩብሽ ቃል

ነሐሴ 12 ቀን
ከበቆጂ በላይ፣ ከጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል

ለማከብርሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስተር ስልሽ ኖሬ ዛሬ በአማርኛው እህቴ ማለቴ አይግረምሽ። ትርጉሙ አንድ ነው ብለሽ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እናትሽስ፣ ያ የጉልበታቸው ሕመም ቀለል አላቸው? የደብረ ብርሃን ብርድስ እንዴት ተቀበለሽ? እዚህ ሳለሽ የእኛን ብርድ ንቀሽ፣ ይሄ ለእኛ አገር ሰው ጸደይ ነው እያልሽ በነጠላ ጫማ ስትመላለሺ ከርመሽ፣ ሐምሌ ሲገባ ሁለት ካልሲ ደርበሽ የያዝኩሽን አልረሳሁትም። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናቴም አሰላ ደህና ናት፤ ያቺ ቀጭኗ ልጅ ወፈረች ወይ እያለች ትጠይቅሻለች። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ዝናቡ ግን አላባራ ብሎ ከጤና ጣቢያው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

ስልክሽ እያለኝ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሳይገርምሽ አይቀርም። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ሰው ሠርግ አውርተን ዘጋን። ስልክ ላይ አሳጥራለሁ። ማሳጠር ደግሞ ዋናው በሽታዬ መሆኑን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ። ስለዚህ ተቀምጠሽ አንብቢው፤ በመሃል ብትናደጂም እንዳትጥዪው አደራ። የምጽፍልሽ ስለ ሰኢድ ነው፣ ስለ ሙቢና ልጅ። ያ ልጅ አሰላ ሆስፒታል ሳይደርስ የቀረው አባቱ ስለከለከለ አይደለም። አባትየው ከዲሮ አልከለከለም። ሙቢናም ከለከለኝ አላለችም። ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ የተነሳ ትዳራቸው ፈርሷል፣ ሴትዮዋም ቁጭ ብላ ራሷን እየበላች ነው።

ካርድ ልታወጣ የተቀጠረችውን ሴት አስተርጓሚ ያደረግሻት አንቺ ነሽ ብዬ ልወቅስሽ አልችልም። ሌላ ሰው አልነበረም። አንቺ እንደሆንሽ በሁለት ዓመት ውስጥ የያዝሽው ኦሮምኛ ከእጅ ጣት አይበልጥም። አንድ ጊዜ እኒያን ትልቅ ሽማግሌ ይምጡ በማለት ፈንታ «ኮቱ»፣ ና ብለሽ እንደ ልጅ ጠርተሻቸው ከዘራቸውን ሲያነሱብሽ እኔ ካርድ ክፍል ውስጥ ሆዴን ይዤ ስስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አፍሽ ሆንኩ። ሰው ሁሉ አንቺን ሲጠይቅ የሚያየው እኔን ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቀች ሴት ሐኪም ስትመስል ምን ያስጠላታል?

ያኔ ታኅሣሥ ላይ አገሩ ሁሉ ሲያስል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ገብስ ይወቃል፣ ሌሊት አመዳይ ይወርዳል፣ መስኮቴ ላይ የማያስል ሰው ቢመጣ መንገድ ተሳስቶ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ሙቢና ሁለቱንም ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ፈይሩዛ አምስት ዓመቷ፣ ሰኢድ ዓመት ከሁለት ወሩ። አንድ አልጋ ላይ የሚተኙ፣ ባንድ ቀን የታመሙ። ኃይለኛው ጉንፋን ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት አልሽ። የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠሻት፤ ጡት አብዢለት፣ ከባሰበት ቶሎ ተመለሺ አልሻት። ያንን በደንብ ነው የተረጎምኩት፣ አላህ ያውቃል። በአራተኛው ቀን ፈይሩዛ ድና ደጅ ወጣች። ሰኢድንም ትኩሳቱ ለቆት፣ ገንፎ ቀምሶ፣ ስቆ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ትኩሳቱ ተመለሰበትና ሐሙስ ይዛው መጣች።

ሐሙስ ገበያ ነው፤ ወረፋው አጥሩ ድረስ ነበር። አንቺ ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን አየሽ፣ ሰዓትሽን ይዘሽ ትንፋሹን ቆጠርሽ። ሐምሳ ስምንት አልሽ። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ይሰረጉድ ነበር። መርፌው ከመድኃኒት ክፍሉ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፤ ኦክስጅን ድሮም የለንም። ሪፈር ጻፍሽና ወደ እኔ ዞረሽ፣ የሳንባ ምች ነው በያት፣ ዛሬውኑ አሰላ ይሂዱ፣ እዚያ መርፌና ኦክስጅን ያገኛል፣ ነገ የሚባል ነገር የለም አልሽ። ቃል በቃል ይኸው ነው። ስምንት ወር ሙሉ ስደግመው ስለከረምኩ አልሳሳትም።

እኔ ምን አልኳት? «ሚቺ ዳ» አልኳት። ምች ነው። የሳንባ የሚለውን ተውኩት። ሳንባ በኦሮምኛ ሶምባ መሆኑን የማላውቅ እንዳይመስልሽ፤ በግ በታረደ ቁጥር ሶምባውን ለድመት የምወረውር እኔ ነኝ። ግን ለእኔ ምች ምች ነው። የሳንባ ብለሽ ስታስረዝሚው የተማረ ሰው ወግ መሰለኝ፤ ኮሌጅ የጨመሩበት። ሐሙስ ነው፣ ሰው ይጮህብኛል፣ አሳጠርኩት።

ምች እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እናንተም አገር ያው ነው። ላቡ ሳይደርቅ ፀሐይ ወይ ነፋስ የመታው ሰው ይይዘዋል፣ ከንፈሩን ያቆስለዋል፣ ያተኩሰዋል። መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው። ቅጠሉን አሽተሽ ትቀቢዋለሽ፣ ጭማቂውን ታጠጪዋለሽ፣ ያልበዋል፣ ይለቀዋል። ደግሞም ምች መርፌ አይወድም ይባላል። ምች ይዞት የተወጋ ሰው አይነሳም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ይህንኑ ስነግርሽ ስቀሽብኛል፤ እኔም አብሬሽ ስቄያለሁ፣ በሆዴ ግን አንቺ ምን ታውቂያለሽ ብያለሁ።

ሙቢና ታዲያ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ልጁን ደረቷ ላይ እንዳስደገፈች፣ ምች ከሆነማ መርፌ አይጎዳውም ወይ አለችኝ በኦሮምኛ። እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ለአንቺ አልተረጎምኩልሽም። እኔው መለስኩላት። እውነትሽን ነው፣ መርፌ አይወድም አልኳት። እስከ ቅዳሜ ዳማከሴ ቀቢው፤ አልተወው ካለ ያኔ አሰላ ትወስጂዋለሽ አልኳት። ከልቤ ነው የመከርኳት፤ የሕፃኑ በዚያ ብርድ መንከራተት አሳዝኖኝ። አንቺ ራሷን ስትነቀንቅ አይተሽ፣ ገባት ወይ አልሽኝ። ገብቷታል አልኩሽ፤ የሚቀጥለውን ካርድም አቀበልኩሽ።

ቅዳሜ ጠዋት በመስኮት ነው ያየኋት። እየሮጠች አልነበረም። የልጁ ከንፈር ጠቁሯል፤ አንገቱ ሥር ዳማከሴው ደርቆ ይታያል። አምቡላንስ አስደወልሽ፤ አምቡላንሱ ወላድ ይዞ አሰላ ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ በእጅሽም በአፍሽም ያደረግሽውን ሁሉ አይቻለሁ። አራት ሰዓት ሳይሆን አለፈ።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፈሽ እያለቀስሽ መጀመሪያ ያስረዳሽው ለእኔ ነው። ጉንፋኑ ብቻውን አልገደለውም አልሽ። ጉንፋኑ ሳንባውን አቁስሎ ሄደ፣ ሌላ ጀርም በቁስሉ ገባ አልሽ። ትኩሳቱ ለቆ፣ ልጅ ተጫውቶ፣ ምግብ ቀምሶ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንደገና ሲያተኩሰው፣ ያኔ ነው መሮጥ አልሽ። አፍንጫው ይርገበገባል፣ ጎድኑ ይሰረጉዳል፣ በመጨረሻ ደክሞት ዝም ይላል፤ እናት ግን የተሻለው ይመስላታል አልሽ።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከሰኢድ አይደለም ያወቅሁት፤ ከገዛ አልጋዬ ላይ ነው። ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። የቀባኋትን ቅጠል ከጓሮዬ ነው የቀነጠስኩት። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ይህን ነግሬሽ አላውቅም፤ አሁንም ከዚህ በላይ አልችልም።

ወዲያው ሙቢናን ጠይቂልኝ አልሽኝ። ሐሙስ ሂጂ ብያት ለምን ቤት ቆየች? ጠየቅኋት። መሬት መሬቱን እያየች፣ ምች ነው አላችሁኝ፣ ምችን ማን ለመርፌ ይወስዳል አለች። ይህን ብተረጉምልሽ ዞረሽ የምታዪው እኔን ነው። የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ፣ ያም ያስፈራል። ሥራዬን ፈርቼ ብቻ ቢሆን ግን ምን ነበረበት። የሙቢና አፍ የተናገረው እውነት ከሆነ እኔም ቤት የሆነው ያው ነው ማለት ነው። ያን በገዛ አፌ፣ በአማርኛ፣ ለአንቺ መንገር አቃተኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ከዲሮ ነው። ባሌ እምቢ አለኝ ትላለች አልኩሽ።

ቀጥላ ደግሞ እሷው ጠየቀች። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንድ ጉንፋን ይዟቸው፣ ለምን እሱ አለች። ይህን ተረጎምኩልሽ። አንቺም እንባሽን ጠርገሽ አጠገቧ ተቀመጥሽና ብዙ ነገርሻት። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የአየር መንገዱ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ካበጠ ይዘጋል አልሽ። ሰኢድ ወሩ ሳይሞላ የተወለደ ነው፣ ኪሎውም አልነሳ ብሎ ነበር፣ ፈይሩዛ ግን ጠንክራለች አልሽ። የቤት ጭስ ሳንባን ያደክማል አልሽ። አስም ያለባቸው፣ ልባቸው ሲፈጠር የታመመ ልጆችም ይብስባቸዋል አልሽ። ደግሞ ምንም ያልነበረበት፣ ሲሮጥ የዋለ ልጅ እንዲህ የሚጠናበት ጊዜ አለ፣ ያን ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹም ገና አልደረሱበትም፣ አንቺ መጥፎ እናት ስለሆንሽ አይደለም አልሻት። ሙቢና አፍ አፌን ታያለች። «ከን ራቢቲ» አልኳት። የአላህ ሥራ ነው። ከተናገርሽው ሁሉ ሁለት ቃል ሰጠኋት።

ከዲሮ ከአባቱ አውድማ ሲመጣ ገለባው ጸጉሩ ላይ ነበር። ልጅህን ለመርፌ የከለከልከው አንተ ነህ አልሽው ሰው ፊት። ለገበያ የሚሆን አማርኛ አያጣም፤ ገብቶታል። ስለ ሪፈሩ ሲሰማ ግን ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር፤ ሙቢና የነገረችው ምች ነው ብላ ብቻ ነው። አንድም ቃል አልመለሰልሽም። ልጁን በጋቢው ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። አንቺም ጥፋተኛ ስለሆነ ነው ዝም ያለው አልሽኝ፤ እኔም እንዲያ ነው አልኩሽ።

የኋላውን አታውቂም፤ የካቲት ላይ ዝውውርሽ መጥቶ ሄድሽ። ልጁን ከሐኪም ከሚደብቅ ሰው መሃል አልኖርም ብለሽ ነው የሄድሽው። እኔን አቅፈሽ፣ ያን ወይን ጠጅ ሹራብሽን አውልቀሽ ሰጠሽኝ። አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም። ከዲሮ ሚስቱን፣ እንዲህ ብለሻል ወይ ብሎ ጠየቃት አሉ። ዝም አለችው አሉ። አገሩ ልጁን ያስገደለ እያለ ሲያማው እሱም ከሚስቱ አፍ የወጣ መስሎት መረረ፣ ሐዘኑ ሳይወጣ አርቦዬ ከተማ ወንድሟ ቤት ላካት። አብዶ ይባላል ወንድሟ፣ አስተማሪ ነው። ፈይሩዛን አባቷ አስቀራት፤ አሁን አያቷ ጋ ናት።

ባለፈው ሳምንት አያቷ ፈይሩዛን እያሳላት አመጣቻት። በአንቺ ቦታ የመጣው ዲሪባ የሚባል የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ያክማል። እኔ ካርድ ብቻ ነው የማወጣው፣ ሥራዬ ቀሏል። የልጅቷን ካርድ ስስብ የሰኢድ አብሮ ወጣ፤ አባት ሪፈር ከልክሏል ይላል በአንቺ ጽሕፈት። ዲሪባ አያቲቱን ሲያናግር በግድግዳው ይሰማኛል። ልጅቷ ደህና ናት አላት። ትኩሳቱ ለቆ ከተመለሰ ግን ያ የሶምባ በሽታ ነው፣ አንቺ የምታውቂው ሚቺ አይደለም፣ ምንም እንዳትቀቢያት፣ መርፌ ያድናታል እንጂ አይገድላትም አላት። አያቲቱ እሺ አለች። አልተከራከረችም፣ አልፈራችም፣ እሺ ብቻ አለች። እኔ ካርዱን እጄ ላይ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ሰው መስኮቱን እየደበደበ ነው ያነቃኝ።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ አርቦዬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምላትን ሳሰናዳ ነበር። ሙቢና ከስታለች፣ ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። ምሳ አቀረበችልኝ፤ ተይ ብላት አልተወችኝም። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ፣ ያውም በአማርኛ። ለካ ወንድሟ ጋ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ መናገር ታፍራለች እንጂ ትሰማለች። ሲስተሯ ዛሬውኑ ሂጂ ስትል ሰምቻታለሁ አለችኝ። አንቺ ቅዳሜ አልሽኝ፣ የአንቺን ወደድኩት አለችኝ። ብርዱን ፈራሁ፣ መርፌውን ፈራሁ፣ የሚቀለኝን መረጥኩ፤ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ አለችኝ። ባሌ እምቢ አለ ትላለች ስትዪም ሰምቻለሁ አለች። እናት ልጇን ገደለች ከሚባል ወንድ ይሸከመው ብለሽ ያዘንሽልኝ መስሎኝ ዝም አልኩ፣ ከዲሮ ሲጠይቀኝም ያንኑ ይዤ ዝም አልኩ፤ እሱን በደልኩት፣ አንቺን ግን አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ አለችኝ። ከዚያ እጄን ሳመችው።

ይህ ሳይበቃ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ሲስተሯ አጠገቤ ተቀምጣ ብዙ ነገረችኝ፣ እያለቀሰች ስለምትፈጥን አልያዝኩትም፣ ምን ነበር ያለችኝ አለችኝ። አየሽ፣ ደጋግሞ በር ተከፈተልኝ። እኔ ምን አልኩ? ያው የአላህ ሥራ ነው ነው ያለችሽ አልኩ። የቀረበልኝን በላሁ፣ ምርቃቷን አሜን ብዬ ተቀበልኩ፣ መኪና ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። እስከ አሰላ ድረስ ያን የተሳመ እጄን ጉያዬ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ።

የምለምንሽ እንግዲህ ይህን ነው። ያን ሐሙስ ያልሽውን በእጅሽ ጻፊው፣ ሳንባ የሚለውን ሳትተዪ። ከዲሮ እንዳልከለከለ፣ ሙቢናም እንዳልከሰሰችው፣ ቅዳሜ ያለቻት አስተርጓሚዋ እንደሆነች፣ ለእሷም አዝና ሳይሆን ራሷን ደብቃ እንደዋሸች ጻፊ። ስሜን አስገቢው፤ ዙቤዳ በይ። ለምን እሱ ስትልሽ የመለስሽላትንም ሁሉ ጻፊላት። በተለይ የመጨረሻውን፣ ሐኪሞቹም አልደረሱበትም፣ አንቺ መጥፎ እናት ስለሆንሽ አይደለም ያልሻትን። ምግብ የማይወርድላት እሱን ስላልሰማች ይመስለኛል። ካርዱ ላይ የጻፍሽው እንዲታረምም ለጤና ጣቢያው ኃላፊ አንድ ወረቀት ላኪ፤ እኔም ሰኞ ገብቼ እነግራቸዋለሁ ብያለሁ፤ ካልነገርኳቸው ወረቀትሽ ይንገራቸው።

ደብዳቤውን ለአብዶ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ላኪው፤ ከዚህ ጋር በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። ለእህቱ ያነብላታል፣ ለከዲሮም ይዞለት ይሄዳል። ፈይሩዛ እናቷን ታገኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ከዲሮ ልቡ ቆርጧል ይላሉ። ለእኔ ግን አትላኪው። መጀመሪያ ለእኔ ትላክልኝና እኔ ራሴ አነብላቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ያቺ ሴት ፊት ስቆም ምን እንደማደርግ አውቀዋለሁ። አሳጥረዋለሁ።

አፉ በይኝ አልልሽም፤ ከሙቢና በፊት ይቅርታን ከአንቺ ብቀበል ነውር ነው። እናትሽን ጉልበት ስመሽ ሰላም በይልኝ፣ አላህ ይማራቸው። አንቺንም ክፉ አይንካሽ፤ እጅሽ ያረፈበት ሁሉ ይዳን። ልጅ ይስጥሽ፣ ሰጥቶም አይንሳሽ።

እህትሽ፣
የሶፊ እናት